«ደህና» ብዬ የጻፍኳት ቤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ቁስሉ በደንብ ጠገገልሽ? ስፌቱ ሲወጣ አላመመሽም? ስትጎነበሺ ይይዝሻል ወይስ ተወሽ? ሐኪሙ ከባድ ዕቃ አታንሺ ማለቱን ነግረሽን ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሐኪም ያለሽን እንደማትሰሚ እዚህ ሁላችንም እናውቃለን። ባልሽስ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት በለጠኝ ያልሽውን ለእማማ ሳነብላት «እሷ ናት ያጠረችው» ብላ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ስላልሳቀች ጻፍኩልሽ። አማትሽስ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? ሁሉንም በየተራ ጻፊልኝ፤ አንዱንም አትዝለዪብኝ።

እንግዲህ በደንቡ ከሆነ ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ። ረስቼው እንዳይመስልሽ፤ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። አትደንግጪ፤ እማማ አለች፣ ባለቤቴም ትንሿ ልጄም አሉ፣ ማታ ማታ ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር ነን። ቁጭ ብለሽ አንብቢው ግን፤ የምነግርሽ በጎ ነገር አይደለም።

እታለም፣ እትዬ መኪና ሞታለች። ዛሬ ሁለት ወር ከአሥር ቀኗ ነው። ዙሪያውን ብዞር አንቺኑ ማሠቃየት ስለሆነብኝ ነው በአንዴ የነገርኩሽ። ያኔ አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ነበር፤ እማማ «የልጄ ስፌት ሳይወጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብላ የሁላችንንም አፍ ዘጋች። ስትደውዪ መስመሩ ይቆራረጣል እያለች ቶሎ ቶሎ የምትዘጋብሽ፣ ለቅሶ ሲያንቃት እንዳትሰሚባት ብላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራ ገባሁ ስትያት ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞራ «በል አሁን ጻፍላት፤ ስትጨርስም እንደ ልማዳችን ታነብልኛለህ» አለችኝ። የላክሽላት የስፌት መርፌ ከቀብሯ በሳምንቱ ደረሰ። እማማ ሳትከፍተው ራስጌዋ አስቀምጣዋለች።

እንደምታለቅሺ አውቃለሁ፤ አልቅሺላት። ከእናታችን ቀጥሎ ያሳደገችን እሷ አይደለች? ስሙንስ ያወጣንላት እኛው አይደለንም? ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው እትዬ መኪና ጋ ሂድ ሲባል የቆመ መኪና ሲፈልግ፣ እኛ በሳቅ ስንፈርስ፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እዚሁ ናት፣ ነዳጅ ጨርሳ ነው» ስትል ትዝ አይልሽም? የትምህርት ቤት ልብስሽን ሦስት ዓመት ጫፉን እየለቀቀች ያስረዘመችልሽ እሷ ናት። የሠርጌን ኮት ሰፍታ አንዱ እጅጌ ረዝሞ ብጠይቃት «እጅህ ነው የተበላለጠው» ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ የተከራከረችኝም እሷው ናት። እስከ ዛሬ ያንን ኮት ስለብስ እጄን እለካለሁ።

አሁን እንዴት እንደሞተች ልንገርሽ። ይኸኛው ክፍል እማማም የማታውቀው አለበት።

ጎርፉ ከመጣ ዘጠኝ ወር መሆኑ ነው። ወንዙ የታችኛውን ገበያ፣ ትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ግማሽ ይዞ እንደሄደ ያኔውኑ ጽፌልሽ ነበር። የእኛ መደዳ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው ከጉልበት አልበለጠም፤ «ተረፍን» ብለን ተቃቅፈን ነበር። ከኋላችን ያለው ኮረብታ ግን ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል፤ እሱን የያዘልን አባባ በሕይወት ሳለ የተሠራው የድጋፍ ግንብ ብቻ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ኳስ የምናነጥርበት ግንብ፣ እሱን ነው የምልሽ።

እኔ እዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ በጀት ክፍል ነኝ። አንቺ «ደማሪው» ትይኛለሽ፤ ከጎርፉ ወዲህ ግን መደመር ቀርቶ ሥራችን መቀነስ ብቻ ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ወረቀት ስትጠይቂው ሁለት የሚጎትት ማተሚያ፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ከምድር ቤት ያወጣናቸው የረጠቡ መዝገቦች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው፤ ሰው ሲገባ ልብስ ንጽሕና ቤት የገባ ይመስለዋል። ኃላፊዬን ታስታውሺዋለሽ፣ ሁልጊዜ «ወረቀቱ ምን ይላል?» የሚለውን። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀት ያላለውን ነገር ግን ዓይኑ ቢያየውም አያምንም።

የመልሶ ማቋቋሚያ በጀት ሊሠራ ሲል በቅድሚያ የየቤቱ ጉዳት ይመዝገብ ተባለ። ከበላይ የመጣው ቅጽ ቋንቋው ጉድ ነበር፤ «ከፊል መዋቅራዊ ጉዳት የደረሰበት»፣ «ጉዳት ያልተስተዋለበት» እያለ ይሄዳል። ኃላፊዬ ሰው በሚገባው ቋንቋ አስተካክለው አለኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ሦስት ሣጥን ሠራሁ፤ ፈርሷል፣ ተጎድቷል፣ ደህና። በቃ፣ ሦስት ቃል። ኃላፊዬ አይቶት «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ፣ ለሌሎቹ ክፍሎችም አሳየልኝ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የዋልኩት። አይ እኔ!

ሌሎቹን ሰፈሮች መዝጋቢዎች ተከፋፈሏቸው። የእኛን መደዳ እኔ ራሴ ልያዘው አልኩ፤ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃቸዋል ብዬ። እግዜር ያሳይሽ፣ ውለታ የምውል መስሎኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሦስቱንም ቤት ከምሳ በፊት ጨረስኳቸው። አንኳኳለሁ፣ ብቅ ይላሉ፣ እንዴት አደራችሁ እላለሁ፣ «ደህና፣ ተመስገን» ይሉኛል፣ እኔ «ደህና» የሚለው ሣጥን ላይ ራይት አደርጋለሁ። ያንቺስ ቤት እንዴት ሆነ ያልኳት አንዲት እናትም ብትሆን «ደህና ነን፣ ለእኛ ምን አለብን፣ የታች ሰፈሮቹን ነው እንጂ» አለችኝ። እታለም፣ ሰው በራፉ ላይ ቆሞ እንዴት አደርክ ሲባል ምን ይላል? ቤቱ ሬሳ ቢኖር እንኳ ደህና ነው የሚለው። ሰላምታውን መለሱልኝ፤ እኔ ሰላምታቸውን ወስጄ ቅጽ ሞላሁበት።

የራሳችንንም ቤት እንዲሁ ነው የሞላሁት። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ ወገብ ሻግቶ፣ እማማ በዚያ ሽታ ስትስል እያደረች፣ «ደህና» ላይ ራይት። ለራሴ ቤት አዳላ እንዳልባል ብዬ።

እትዬ መኪና ቤት ስደርስ አሥራ ዘጠነኛዋ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አፏ ላይ ሁለት ስፒል ይዛ ወጣች። ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ ተመስገን፣ የእህትህ ነገርስ፣ ጻፈችልህ ወይ አለችኝ። እኔ ራይቴን አድርጌ ጨርሻለሁ። ከዚያ «ግባ እስቲ፣ ከመኪናዋ ኋላ አንድ ነገር ላሳይህ» አለችኝ። አዲስ የሰፋችው ልብስ መሰለኝ። አራት ቤት ቀርቶኛል፣ ርቦኛል፤ ሌላ ቀን እትዬ አልኳት። «እሺ፣ ሌላ ቀን» አለችኝና በሩን መለስ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ሙሉ በበሯ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን አልገባሁም። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ጣት ይገባ እንደነበር ከሞተች በኋላ የነገረኝ፣ ጨርቅ እያጎረሰች ትደፍነው እንደነበር ያየው ጎረቤታችን አናጢው ነው።

በጀቱ ሲመጣ ከጠየቅነው ሲሶው ተቆርጦ መጣ። ኃላፊዬ ሁላችንንም ሰብስቦ ከየትኛው እንቀንስ አለ። ትምህርት ቤቱ አይነካም፣ ጤና ጣቢያው አይነካም፣ የመጠጥ ውሃው መስመር አይነካም። የእኛ ሰፈር የድጋፍ ግንብ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ። እኔ «ግንቡ መሐሉ ላይ ያበጠ ይመስለኛል» አልኩ። ነፍሴን አይማረውና፣ ያልኩት «ይመስለኛል» ብዬ ነው። እሱም እንደ ልማዱ ወረቀቱ ምን ይላል አለኝ። ወረቀቱማ ሃያ ሦስት ቤት፣ ሃያ ሦስት ደህና ይላል። በራሴ እጅ፣ በራሴ ራይት። ልክ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ሄጄ እንደገና ልመዝግብ ብል ምን ነበረበት? ያ ሁሉ ሙገሳ ሊቀርብኝ ነው? ዝም አልኩ። ግንቡ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ተባለ፤ እኔው ተየብኩት፣ እኔው አተምኩት፣ ምክር ቤቱም እጁን አውጥቶ አጸደቀው።

ከጎርፉ በሰባተኛው ወር ላይ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ይኼን ያህል የሚባል ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቢሮ ነበርኩ። ባለቤቴ ስትደውል ድምጿ አይሰማኝም፣ ከኋላዋ ጩኸት ብቻ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ ግንቡ ካበጠበት ቦታ ተቀድዶ፣ ኮረብታው በእትዬ መኪና ጓዳ ገብቶ ወጥቷል። አናጢውና ልጆቹ በአካፋ፣ ሌላው በእጁ፣ እማማ በድስት ክዳን ሳይቀር አፈር ይዝቁ ነበር። ስናወጣት ከመኪናዋ ጋር እንደተቀመጠች ናት። የሰው ቀሚስ እየሰፋች ነበር፤ ጨርቁ ከመርፌው ሥር እንዳለ ነው። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እንዴት እንደጠላኋት ልነግርሽ አልችልም።

ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን ኃላፊዬ ጠራኝና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ አሁን መደዳው ውስጥ «ፈርሷል» የሚል ስላለ የበጀት ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል አለኝ። ጠየቅን። በአሥር ቀን ተፈቀደ። ሰባት ወር ያልተገኘ ገንዘብ በአንዲት ቃል ተገኘ። እንደገና ልመዝግብ ወጣሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ሰላምታ እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ አንኳኩቼ ስንጥቁን አሳዩኝ ነው ያልኩት። የማያውቀኝ አበደ ብሎ ነበር የሚያስበው። አንዷማ «እንዴት ዋላችሁ እንኳ የለም?» ብላ ተቆጣችኝ። አናጢው ደግሞ አሁን ብልጥ ሆኗል፤ ጣሪያው ፈርሷል፣ ወለሉ ፈርሷል፣ «ጉልበቴንም ፈርሷል ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ አፍረን ወደ ታች አየን። ይኸውና ዛሬ ሠራተኞቹ ድንጋይ እየደረደሩ ነው። ግንቡ ከድሮው በአንድ ሜትር ይወፍራል። ቆንጆ ግንብ ነው የሚሆነው፣ እታለም።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ፤ የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው። ነገሩ ከሆነ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ «ማዘጋጃ ቤቱ ሁላችንንም ደህና ብሎ ጽፎን ነበር» የሚል ወሬ ተነሳ። ማን ጻፈው፣ ማንም ልብ አላለም። እኔ ቅዳሜ ዕለት ወረቀት ይዤ በየበሩ መዞሬን ሰዎቹ ረስተውታል፤ ወይም ለእነሱ እኔ የመዘገብኩት ሌላ ወረቀት ነው፣ የእኛ ልጅ ምን ክፉ ይሠራል ብለው። እማማ ደግሞ ጸሐፊው ከላይ የመጣ፣ ክራባት ያሰረ፣ የማናውቀው ሰው መስሏታል። በየጠዋቱ በር ከፍታ የእትዬ መኪናን ቤት ቦታ ስታይ «ያንን ወረቀት የሞላ እጅ ቁርጥማት ይያዘው» ትላለች። አርባ ዓመት አብራት የኖረች ጓደኛዋን ነው ያጣችው፤ ምን ትበል? እኔ እዚያው ቁርሴን እበላለሁ። አንድ ቀን ጭራሽ ወደ እኔ ዞራ አሜን በል እንጂ አለችኝ። አሜን አልኩ። እታለም፣ የእናቴን እርግማን በራሴ ላይ አሜን አልኩ፤ ሻዬንም ጠጥቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ባለፈው ወር ነው። ለእማማ ልንገራት እልና ፊቷን ሳይ እተወዋለሁ። ጓደኛዋን ቀብራለች፤ በላዩ ልጇንም ልቅበርባት? ዝም ስል ደግሞ እሷ በየቀኑ የምትፈልገውን ሰው አጠገቧ አስቀምጬ እያታለልኳት ነው። በቃል አልቻልኩም። በወረቀት ግን፣ እጄ ክፉውን ከሠራ ይኼንንም እሱው ይሥራው ብዬ ጻፍኩት። ይህን ደብዳቤ ሳልቆርጥ ሳልዘል አነብላታለሁ። አንቺም ከእሷ እኩል ነው የምታውቂው። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም፤ ሳምልኝ እያልሽ በየደብዳቤሽ ሰላምታ የላክሽላትን ሰው በር አንድ ቀን እንኳ አልፎ መግባት ያቃተው ወንድም ነው ያለሽ። ብቻ ዝም አትበዪኝ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ልጅ ሆኜ እንደምታደርጊው ጆሮዬን ያዥኝ፤ ዝም ግን አትበዪኝ።

ባልሽን አክብረሽ ሰላም በዪልኝ፤ ለወገቡ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ትልቁን ልጅሽን ቁመቱን ትቶ ለትምህርቱ ይርዘም በዪው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ፤ የላከችው ሥዕል ቢሮዬ፣ ከረጠቡት መዝገቦች መሐል በመቆንጠጫ ተሰቅሏል። ለአማትሽ አጎንብሼ እጅ ነስቻለሁ። ከዚህ ባለቤቴ በጣም አድርጋ ትስምሻለች፤ ልጄም አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትልሻለች፣ ሁለት ጥርሷ ወልቋል። አናጢው ከነጉልበቱ ሰላም ብሎሻል። እማማ የምትልሽን ካነበብኩላት በኋላ ራሷ ትነግረኛለች፤ ቦታ ትቼላታለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማማ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን

ከላይ ያለውን አነበብኩላት፣ እታለም። ቅጹ ጋ ስደርስ ውሃ ጠጣሁ። አላቋረጠችኝም፣ አልተቆጣችም፤ መጨረሻ ላይ እስከ ጻፍኩት ቀን ድረስ ሰማችኝ። ለእታለም የምትያት አለ ወይ አልኳት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችና ቀኝ እጄን ስባ ጭኗ ላይ አገላብጣ አየችው። «ይኼ ነው?» አለችኝ። አዎ እማማ አልኳት። «ሁለት ወር ሙሉ ስረግም የከረምኩት ይኼንን ነው?» ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረች፤ ቁርጥማቱ ይዞኝ እንደሆነ ልታይ ነው። ማርኩህም አላለችኝ፣ አልማርህምም አላለችኝ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ የተንጋደደብሽ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ቀኙን እስካሁን አልለቀቀችልኝም።